ጉድጓድ፣ ክምር፣ ትል ወይስ የሰብሳቢዎች ጋሪ? ለወሎ ቤቶች የቆሻሻ አወጋገድ ንጽጽር

ደሴ ላይ ቆሻሻ የሚሄደው ቁልቁል ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ሰፈሮች በፌስታል ታስሮ ቦይ ውስጥ የተወረወረ ሁሉ፣ ሐምሌ ሲገባ ጎርፍ እየገፋ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ይወርዳል፣ መጨረሻውም አዋሽ ነው። ላይኛው ሰፈር የተገላገለው ታችኛው ከተማ ደጃፍ ይደርሳል።

«ታዲያ ምን ላድርገው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ብዙ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። የግብርና ባለሙያው ኮምፖስት (ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚሠራ ማዳበሪያ) አዘጋጁ ይላል። ቲክቶክ የከፈተ ሰው ትል አርቡ የሚል ያገኛል። ገጠር ዘመድ ያለው ስለ ባዮጋዝ (ከፍግ ስለሚወጣ የምድጃ ጋዝ) ሰምቷል። ጎረቤት ደግሞ «ክብሪት ጫርበትና ተገላገል» ይላል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ለሆነ ቤት ልክ ነው።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ምርጫውን የሚወስነው የሰው ትጋት ሳይሆን ግቢውና አየሩ ነው። ሐይቅ ከተማ ሰፊ ጓሮ ላለው ሰው ያለ ብዙ ድካም የሚሳካው ነገር፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ከአከራይ ጋር መጣያ ነው።

## መጀመሪያ ባልዲውን ገልብጡት

አማራጭ ከመምረጣችሁ በፊት የአንድ ሳምንት ቆሻሻችሁን አሮጌ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ግን ከዚህ በኋላ የምላቸው ነገሮች ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ላይ ነው። ከወሎ ቤቶች የሚወጣው በአብዛኛው አራት ዓይነት ነው።

ትልቁ እርጥቡ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ወጥና እንጀራ፣ ለቡና የተጎዘጎዘ ሣር፣ ከዱአ በኋላ የሚቀር ገራባ። በአገራችን ከተሞች ከቤት ከሚወጣው ቆሻሻ በክብደት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይኼ የሚበሰብሰው ነው። ባልዲውን የሚያከብደውም፣ የሚያሸትተውም፣ ዝንብ የሚጠራውም እሱ ነው። እሱን ብቻ ለብቻው ካወጣችሁት የቀረው ቀላልና ደረቅ ይሆናል፤ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አንድ ወር ቢቀመጥም አያስቸግርም።

ሁለተኛው ደረቁ ነው፦ ሃይላንድ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ፌስታል። ሦስተኛው አመድ። ከሰልና እንጨት በሚነድበት ቤት አመዱ የዋዛ አይደለም፣ ረመጡ ሳይጠፋ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ፕላስቲኩን ሲያቀልጥ ያየም ብዙ ነው። አራተኛው ማንም የማይፈልገው ነው፦ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖል፣ መርፌ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት።

ከሰብሳቢዎች ጋሪ በቀር ከእነዚህ አራቱን ሁሉ የሚቀበል አንድም አማራጭ የለም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ «የትኛው ለየትኛው?» የሚለው ይቀድማል።

## በምን መዘንናቸው

የመጀመሪያው መስፈርት ቦታ ነው፤ ስንት እርምጃ ጓሮ አለ፣ መቆፈርስ ይፈቀዳል ወይ? ሁለተኛው አየር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚለያቸው ሁለት ከተሞች ናቸው፤ መበስበስን በተመለከተ ግን ሁለት አገር ናቸው። ቅዝቃዜ ቆሻሻን የሚያብላሉትን ደቂቅ ሕዋሳት ያንቀረፍፋቸዋል፣ ሙቀት ያፈጥናቸዋል፣ ከልክ ያለፈ ድርቀት ደግሞ ያስቆማቸዋል።

ከዚያ ጉልበት አለ። ጉልበት ስል የመቆፈሩን ቀን አይደለም፤ እሱ አንድ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ማን ያገላብጣል፣ ማን ውሃ ያጠጣል የሚለውን ነው። ሽታና አውሬም ይቆጠራል። ደሴ ላይ ሥጋና አጥንት ያለበት ክምር ውሻ ብቻ አይደለም የሚጠራው፣ ጅብም ይመጣል። የመጨረሻው ወጪና ምላሹ ነው። ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር አልጽፍም፤ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የሚያስወጣውን ብቻ እናገራለሁ።

## ለእንስሳት መስጠት

ለእርጥብ ቆሻሻ ከዚህ የሚፈጥን መንገድ የለም። ጠዋት የወጣው ልጣጭ ከሰዓት በኋላ እንቁላል፣ ወተት ወይም ፍግ ለመሆን መንገድ ጀምሯል። ዶሮ የተረፈ እንጀራና የጎመን ቅጠል ትጨርሳለች። በግና ፍየል ገራባውን ይወዱታል፤ ሆኖም ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ ስላለ፣ ሳይታጠብ የመጣ ገራባ በብዛት ባይሰጥ ይሻላል። የጠላ አተላማ ድሮም የላም ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ሦስት ቦታ ላይ ነው። የሻገተ እንጀራ ወይም እህል ለምትታለብ ላም አይሰጥም፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጥር ይችላል፣ እሱም በወተት በኩል ተመልሶ ሕፃን ጋ ይደርሳል። ሽንኩርት በብዛት ለከብት ጥሩ አይደለም፣ ደም ያሳንሳል። ሦስተኛውና ከሁሉ የባሰው ፌስታሉ ነው። ልጣጩን በፌስታል ቋጥሮ ለላም መወርወር የተለመደ ነው፤ ላሟም ከነፌስታሉ ትውጠዋለች። እየተጠቀለለና እየጠነከረ ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል፣ ላሟም ሳትታመም የከሳች ትመስላለች። ከታረደች በኋላ ከጨጓራ ምን ምን እንደሚወጣ ሉካንዳ የሚሠራ ሰው ጠይቁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከባልዲ ወደ ገበታ ማፍሰስ፣ ፌስታሉን ይዞ መመለስ።

እንስሳ የሌላችሁ ከሆነ ያለው ጎረቤት አይጠፋም። «እማማ፣ ልጣጭ ላምጣልዎት?» ተብለው እምቢ ያሉ ባለ በግ እናት አላጋጠሙኝም።

## ጉድጓድ

ጓሮ ላለው ሰው የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይኼ ነው፤ በተለይ በበጋ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ጉድጓድ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ሁለት መቆፈር ከተቻለ ይመረጣል፦ አንዱ ሲሞላ ታፍኖ ይበስላል፣ ሌላው ይቀበላል።

አሞላሉ ላይ ሰው ይቸኩላል። መጀመሪያ ከሥር የማሽላ ወይም የበቆሎ አገዳ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፋል፤ አየር የሚገባው በእሱ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ወፍራም ዱላ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከሞላ በኋላ መንቀል፤ ቀዳዳው ጭስ ማውጫ ይሆናል። ከዚያ እርጥቡ ይጨመራል፣ በላዩ ደረቁ፣ በላዩ ጥቂት ፍግ፣ በላዩ ስስ አፈር። እንደገና ከመጀመሪያው። በመስፈሪያ ስትለኩት ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ፣ ቢገኝ ሦስት ባልዲ ደረቅ ያስፈልጋል። ደረቅ የምለው የጤፍ ጭድ፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ የተቀደደ ካርቶን ነው። በባለሙያ ቋንቋ የካርቦንና የናይትሮጅን መጠን ከ25 እስከ 30 ለ1 እንዲሆን ነው። የሚሸት ኮምፖስት ሁሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ያነሰው ነው።

እርጥበቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ከመሐል አንድ እፍኝ ዝገኑና በኃይል ጨምቁት። በጣቶቻችሁ መሐል ውሃ ከወረደ በዝቷል፣ ጭድ ጨምሩ። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደርቋል፣ ውሃ አርከፍክፉ። አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ብቅ ብሎ ቅርጹን ከያዘ ልክ ነው።

አመድን በተመለከተ አንድ ነገር፦ በየንብርብሩ በእፍኝ ብትንትን ማድረግ ይጠቅማል፣ ባልዲ ሙሉ መገልበጥ ግን ይጎዳል። አመድ ሲበዛ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ተንኖ ይሄዳል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንዲሁ፣ ደሴ ዙሪያ እንደልብ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይከምረዋል፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሌላውንም ያጓትታል። ትንሽ ከሆነ ይሁን፣ ሲበዛ ግን ለምድጃ ቢሆን ይሻላል።

የጉድጓድ ጠላት ክረምት ነው። በተለይ ዋልካ መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ሐምሌና ነሐሴ ኩሬ ይሆናል፤ ውሃ ሲሞላው አየር ይጠፋል፣ ሽታው ጎረቤት ያስነሳል። ዙሪያውን ቦይ መቀየስ፣ ከላይ በቆርቆሮ ወይም በሸራ መክደን ያስፈልጋል። ይኼን ካላደረጋችሁ ለክረምቱ ወደ ክምር መዞር ነው። ኮምቦልቻና ከሚሴ ላይ በደንብ የተያዘ ጉድጓድ ሦስት አራት ወር ይፈጅበታል፤ ደሴ ላይ እስከ ስድስት ወር መታገስ ነው። የቸኮለ ሰው ደሴ ላይ ጉድጓድ አይቆፍር።

## ክምር

ክምር ከመሬት በላይ ስለሆነ ውሃ አያቁርም፣ ለማገላበጥም ይመቻል። በተለይ ደግሞ ይሞቃል። በትክክል የተሠራ ክምር መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ በዚህ ሙቀት የአረም ዘርና አብዛኛው በሽታ አምጪ ተህዋስ ይሞታል። ለማየት የብረት ዘንግ መሐሉ ድረስ ሰክታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፤ ስታወጡት ጨብጦ መያዝ ካቃተ ሥራው እየሄደ ነው። ለብ ብቻ ካለ ወይ ደርቋል፣ ወይ አንሷል፣ ወይ መገላበጥ ፈልጓል።

«አንሷል» ያልኩት ላይ ልቁም። ክምር ከአንድ ሜትር ስፋትና ከፍታ ካነሰ አይሞቅም፣ ሙቀቱን የሚይዝ አካል የለውማ። የአንድ ቤት ኩሽና ደግሞ ይኼን ያህል በአንድ ጊዜ አያወጣም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ጀምሮ «ምንም አልሆነም» ብሎ የሚተወው። መፍትሔው ጎረቤት ነው። ለበዓል በሬ ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች ለክምርም አብረው ቢገቡ ሁሉም ይሟላል። በዚያውም ከእርዱ የሚወጣው ፈርስ አለ። የአረፋም ሆነ የፋሲካ ማግስት ቦይ ውስጥ ሲደፋ የሚታየው ፈርስ፣ ለክምር ከሚገኙ ማፋጠኛዎች አንደኛው ነው። ከጭድ ጋር ተደባልቆ መሐል ላይ ይግባ፣ በላዩ ሁለት ስንዝር ያህል ደረቅና አፈር ይልበስ። አጥንትና ጮማ ግን አይግባ፣ በጅብ ምክንያት።

ክምር መገላበጥ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ወር በየአሥር ቀኑ፣ ከዚያ ራቅ ራቅ እያለ። ወገብ ያለው ሰው ይጠይቃል። ዶሮ በተለቀቀበት ግቢ አጥር ካልሠራችሁለት በሁለት ቀን ይበተናል።

## የትል ኮምፖስት

ስለ ትል ብዙ ይወራል፤ ውጤቱም እውነት ነው። ትሎቹ የሚያወጡት ጥቁር ብናኝ ለችግኝና ለአበባ ከሌላው ሁሉ ይሻላል። አንድ ኪሎ ትል በቀን እስከ ግማሽ ኪሎ ቆሻሻ ይበላል። ሳጥን ውስጥ ስለሆነ በረንዳ ላይም ይቀመጣል። ከጓሮ የሚቆፈረው ትል ግን ለዚህ አይሆንም፤ የሚፈለገው አይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀዩ ዝርያ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ቀድሞ የጀመረ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ትል ሽንኩርት አይወድም። ሎሚና ብርቱካን አይወድም። ጨው፣ ዘይት፣ በርበሬ ይገድለዋል። እስቲ የኛን ኩሽና አስቡት፦ የሚጣለው ግማሹ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተረፈው ደግሞ ቀይ ወጥ! በቪዲዮ የምናየው ሰው ሰላጣና ፖም ነው የሚያበላው። እዚህ ያለ ሰው የቡና አተላ፣ የጎመን፣ የድንችና የሙዝ ልጣጭ እየለየ መስጠት አለበት፤ የቀረውን የሚወስድ ሌላ አማራጭ ደግሞ ከጎኑ ያስፈልገዋል። አየሩም ይመርጣል፤ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚስማማው። ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሳጥኑ በጆንያ ካልተሸፈነ ይፈዛሉ፤ ቆቦና ከሚሴ ላይ ደግሞ ጥላ ካላገኙ ያልቃሉ። ጉንዳን ከመጣባቸው ወሬ የለም፤ የሳጥኑን እግሮች ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም ይከላከላል።

ስለዚህ ትል ችግኝ ለሚሸጥ ወይም ለማወቅ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። ቆሻሻ ለመገላገል ብቻ ለሚፈልግ ቤት አልመክረውም።

## ባዮጋዝ

ከተማ ውስጥ ላለ ቤት ይኼን ክፍል መዝለል ይቻላል። የኩሽና ቆሻሻ ብቻውን አያነቃንቀውም፤ የከብት ፍግ ነው ምግቡ። በአማራ ክልልም ሲሠራ የቆየው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ያስፋፋው ከመሬት በታች የሚገነባው ዓይነት፣ ቢያንስ አራት ከብትና በቀን 20 ኪሎ ያህል ፍግ፣ ከፍጉ እኩል የሚሆን ውሃም ይፈልጋል። ያን ያህል ከተገኘ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ምድጃ ያነዳል። ወጪው ከዚህ ዝርዝር ሁሉ ከፍተኛው ነው።

ለደጋው ወሎ ግን አንድ የተለየ ነገር አለው። ወረኢሉም ሆነ ደላንታ እንጨት ስለሌለ ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ማሳው ባዶውን ይቀራል። ባዮጋዝ እሳቱንም ይሰጣል፣ የሚወጣው ፍሳሽም ለማሳ ይተርፋል። ክርክሩን የሚያበላሸው ብርዱ ነው፦ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጋዙ በጣም ይቀንሳል። ከመገንባት በፊት በተመሳሳይ ከፍታ ላይ የሚሠራ አንድ ማየት ግድ ነው።

## የሰብሳቢ ማኅበር

ጋሪ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩት ወጣቶች አራተኛውን ዓይነት፣ ማለትም ዳይፐርና ሞዴሱን፣ የሚወስዱልን ብቸኛ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ኮምፖስት የሚሠራ ቤትም ቢሆን እነሱን መተው አይችልም። ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሳምንት በየትኛው ቀን ይመጣሉ፣ የተለየ ቆሻሻ ለብቻ ይይዛሉ ወይስ ጋሪው ላይ ይቀላቅሉታል፣ የሚወስዱትስ የት ነው? መርፌና ስለት ካለ ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ከታችሁ ነግራችሁ ስጡ። እጃቸውን ሸፍነው የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው።

ሕጉም መለየትን ሲያዝ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ግዴታ ጥሎበት ነበር። መለየቱ በተግባር እምብዛም አይታይም፤ ቤታችሁ የተለየው ጋሪው ላይ ተመልሶ ከተቀላቀለ ግን ማኅበሩን ከመውቀስ ደረቁን ቀድሞ ለሌላ ሰው መስጠት ይቀላል። ወደዚያ እናልፋለን።

## ቆራሌና ልዋጭ

ለደረቁ ቆሻሻ ከእነዚህ የሚሻል የለም፤ እናንተ አትከፍሉም፣ እነሱ ናቸው የሚከፍሉት። ብረታ ብረት፣ ጀሪካን፣ ሃይላንድ፣ ያረጀ ጫማ ይወስዳሉ፤ ልዋጭ ከሆነ ደግሞ በሳፋ ወይም በጆግ ይለውጣል። የሚከፈላችሁ የሚያንሰው ሁልጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ ቆሻሻ ስለሆነና ጥቂት ስለሆነ። የዘይት ጀሪካኑን በአመድና በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍቶ መርገጥና ጆንያ እስኪሞላ ማቆየት ነው። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚሠራ ለብቻ ይጠራቀም። በፍሬ ሳይሆን በኪሎ እንዲገዛ ጠይቁ፤ ሚዛኑንም እዩት።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ከቆራሌ ይልቅ ወደ ሱቅ ይመለስ። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ስላለ ከእኛ የሚሄደው ጠርሙስ ሩቅ ሳይጓዝ ታጥቦ ይሞላል። የተሰበረውን ግን ማንም አይፈልገውም፤ በካርቶን ጠቅልሎ ለሰብሳቢዎች መስጠት ነው።

ፌስታል የሚገዛ የለም። በዚህ ላይ ብቸኛው መፍትሔ ከበሩ አለማስገባት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢል አሁንም ገበያ ላይ አለ፤ ጫት በኮባ የሚጠቀልል ሻጭም አልጠፋም። ሰኞ ገበያ በዘንቢል ሄዶ በዘንቢል መመለስ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም።

## ማቃጠል

አጭር ላድርገው። ፕላስቲክ፣ በተለይ የጫማ ሶልና የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሲቃጠል ዲዮክሲን የሚባለውን ጨምሮ ለሳንባና ለፅንስ አደገኛ የሆኑ ጋዞች ያወጣል። ደሴ በተራራ የተከበበች ናት፤ በማለዳ የተለኮሰ ጭስ ከሰፈር ሳይወጣ ይቆያል። አመዱም ጎመን ሥር አይደፋም። እርጥብ ቆሻሻ ደግሞ አይነድም፣ ይጨሳል እንጂ። በየትኛውም መስፈርት አያልፍም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የሚቀበለው | ቦታ | ጉልበት | ወጪ | የሚስማማው አየር | ሽታና አውሬ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ለእንስሳት | እርጥብ | እንስሳው ካለ ሌላ አይፈልግም | በጣም ትንሽ | የለም | ሁሉም | የለም፣ ካልከረመ |
| ጉድጓድ | እርጥብ፣ ጥቂት አመድ | ትንሽ ጓሮ | መጀመሪያ ብዙ፣ ኋላ ትንሽ | ዝቅተኛ | በጋ፤ ሞቃት ቦታ ይፈጥናል | በክረምት ይሸታል |
| ክምር | እርጥብ፣ ፈርስ | መካከለኛ ጓሮ | ብዙ | ዝቅተኛ | ክረምትም ይቻላል | ዶሮ፣ ውሻ፣ ጅብ |
| ትል | የተመረጠ እርጥብ | በረንዳ ይበቃል | ትንሽ ግን የየቀን | መካከለኛ | ከ15 እስከ 25 ዲግሪ | ጉንዳን |
| ባዮጋዝ | ፍግ | ሰፊ፣ ውሃ ቅርብ | የየቀን | ከፍተኛ | ወይና ደጋና ቆላ | ትንሽ |
| ማኅበር | ሁሉም | አይፈልግም | በጣም ትንሽ | ወርሃዊ ክፍያ | ሁሉም | እስኪመጡ ድረስ |
| ቆራሌና ልዋጭ | ደረቅ | ጆንያ ማስቀመጫ | ትንሽ | ያስገኛል | ሁሉም | የለም |

## ለናንተ የትኛው?

ደሴ ወይም ወልዲያ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ መቆፈር አታስቡ። ክዳን ያለው አንድ ባልዲ ለእርጥቡ፣ አንድ ጆንያ ለደረቁ ይበቃል። እርጥቡ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በግ ወይም ዶሮ ላለው ጎረቤት ይሂድ፣ ጆንያው ለቆራሌ፣ ቀሪው ለማኅበር። ባልዲው ሥር ትንሽ ሰጋቱራ መነስነስ ሽታውን ይገድለዋል። ወጪው የባልዲው ዋጋ ብቻ ነው።

ደሴ ላይ የራሳችሁ ጓሮ ካላችሁ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ቆርቆሮ ክዳን አድርጉላቸው፣ ታገሱ። ለክረምት ከጎረቤት ጋር ክምር ብትጋሩ ይመረጣል።

ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ቆቦ ላይ ያለው ፈተና ድርቀት ነው። ጉድጓዱን ከዛፍ ሥር ወይም ከግድግዳ ጥላ አድርጉት፣ የእህልና የአትክልት ማጠቢያ ውሃ አፍስሱበት፣ የሳሙና ውሃ ግን አይሁን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በረንዳ ብቻ ላላቸው ትል ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው፤ አበባ ካላችሁ ብቻ።

ገጠር ከብት ላላቸው ጉድጓድና ፍግ አብረው ይሄዳሉ። አራት ከብትና ቅርብ ውሃ ያለው፣ ወጪውንም የሚችል ሰው ስለ ባዮጋዝ ወረዳውን ይጠይቅ።

ምግብ ቤት ወይም ቡና ቤት ያላችሁ ግን ኮምፖስት አትጀምሩ፤ የሚወጣው ብዙ ነው፣ ሠራተኛም አታገኙለትም። ከብት አድላቢ ፈልጋችሁ በየማታው እንዲወስድ ተስማሙ። አተላና ልጣጩን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ፣ ሶፍትና ስቴኪኒውን ለብቻ ያዙለት፤ አንድ ቀን ስቴኪኒ የላሙን አፍ ከወጋ ተመልሶ አይመጣም።

## መቼ ይጀመር፣ ደርሷልስ እንዴት ይታወቃል?

ጥቅምት ጥሩ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ገና ለስላሳ ነው፣ ብዙ ሳይቆይም አውድማ ስለሚጀመር ጭድ እንደልብ ይገኛል። ጥቅምት የተጀመረ ጉድጓድ ኮምቦልቻ ላይ ለበልግ ይደርሳል። ደሴ ላይ ለበልግ ባይደርስም ለክረምት ጎመንና ድንች አያመልጥም።

የደረሰ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፣ የገባው ነገር ቅርጹ አይለይም፣ የዝናብ ማግስት አፈር ይሸታል፣ መጠኑም ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። ካልደረሰ ተክል ሥር ሲገባ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ በፌጦ ፈትኑት። አንድ ጣሳ ውስጥ ኮምፖስቱን ከግማሽ አፈር ጋር ቀላቅሉ፣ ሌላው ጣሳ ውስጥ አፈር ብቻ አድርጉ፣ ሁለቱም ላይ ፌጦ ዝሩ። ፌጦ በጥቂት ቀን ይበቅላል። ኮምፖስቱ ያለበት እኩል ወይም የተሻለ ከበቀለ አውጥታችሁ ተጠቀሙበት። ከቀጨጨ ወይም ቢጫ ከሆነ ክዳኑን መልሱበትና አንድ ወር ጨምሩለት።